ደንን በሳተላይት መከታተል፦ ከጥቆማ ወደ ማስረጃ

አንድ ደን ባለፉት አሥር ዓመታት ስንት ሄክታር አጣ? የሚሸረሸረው በየትኛው በኩል ነው? ዘንድሮስ መጥረቢያው የት ገብቷል? በወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት፣ በደን ማኅበር፣ በብሔራዊ ፓርክ ወይም በዩኒቨርሲቲ የሚሠራ የሥነ ምህዳር ባለሙያ እነዚህን ጥያቄዎች በየዓመቱ ይጠየቃል። ለመልሱ የሚያስፈልገው ምስል ዛሬ በነጻ ይገኛል። የአሜሪካው የላንድሳት ክምችት እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ያለ ክፍያ ክፍት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የመጠቀው የአውሮፓ ሴንቲኔል-2ም ምስሉን ለሁሉም ይለቃል። ችግሩ ያለው ከምስሉ እስከ ውሳኔው ባለው መንገድ ላይ ነው። ያልተጣራ ካርታ ሁለት ጉዳት ያደርሳል፤ ወይ የሚያምነው አጥቶ ደኑ መመንጠሩን ይቀጥላል፣ ወይ ያለቦታው ታምኖ ጥፋት የሌለበትን ገበሬ ያስከስሳል። ስለዚህ የዚህ መመሪያ መነሻ ሐሳብ አንድ ነው፦ የሳተላይት ምስል ጥቆማ ነው፤ ጥቆማ ደግሞ ማስረጃ የሚሆነው ሲጣራ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ስምንት ደረጃዎች የማጣራቱን ሥራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይዘረዝራሉ።

ሥራውን ለመጀመር ላፕቶፕ፣ ነጻ የሆነው የኪውጂአይኤስ ሶፍትዌር፣ ለምርምርና ለትርፍ ላልቆመ ሥራ ያለ ክፍያ የሚሰጠው የጎግል ኧርዝ ኢንጂን መለያ እና ጂፒኤስ ያለው ስልክ ይበቃሉ። ኢንተርኔቱ ደካማ ቢሆንም ተስፋ አይቁረጡ። ኧርዝ ኢንጂን ምስሉን የሚያሰላው በራሱ ኮምፒውተሮች ላይ ስለሆነ ወደ እርስዎ የሚወርደው ውጤቱ ብቻ ነው። ከእነዚህ ሁሉ በላይ ግን ደኑን በእግሩ የሚያውቅ ሰው ያስፈልግዎታል፤ እሱን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አብሮዎት እንዲሠራ ያድርጉ።

1. ጥያቄውንና የደንን ትርጉም በጽሑፍ ያስቀምጡ

“ደኑን መከታተል እፈልጋለሁ” የሚል ሐሳብ ገና ጥያቄ አልሆነም። ጥያቄ የሚሆነው ቦታው፣ ዘመኑ፣ የለውጡ ዓይነትና የሚፈለገው ትንሹ ስፋት ሲነገር ነው። ለምሳሌ “በዚህ ማኅበር ወሰን ውስጥ ባለፉት አምስት ዓመታት ከደን ወደ እርሻ የተለወጠ፣ ከግማሽ ሄክታር የማያንስ መሬት የት አለ?” ብለው ቢጽፉ የሚቀጥለው ሥራ ሁሉ መስመር ይይዛል። በተለይ ምንጣሮንና መመናመንን ይለዩ። ምንጣሮ ደኑን አጥፍቶ መሬቱን ለሌላ ጥቅም ያውላል፤ መመናመን ደግሞ ዛፎቹን አንድ በአንድ እየመረጠ ያሳሳል። የመጀመሪያው ከላይ በግልጽ ይታያል፤ ሁለተኛው አብዛኛውን ጊዜ ያመልጣል። ሁለቱን በአንድ ቁጥር የሚያጠቃልል ሪፖርት ሁለቱንም ይደብቃል።

የደን ትርጉምም ውጤቱን ይወስናል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2015 የተቀበለችው ትርጉም ቢያንስ 0.5 ሄክታር ስፋት፣ 2 ሜትር ቁመትና 20 በመቶ የቅርንጫፍ ሽፋን ይጠይቃል። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ትርጉም ደግሞ በስፋቱ ተመሳሳይ ሆኖ 5 ሜትር ቁመትና 10 በመቶ ሽፋን ይላል። ቁመቱ ወደ 2 ሜትር ዝቅ ያለው የቆላው ደረቅ ደን እንዳይዘለል ነው፤ ሽፋኑ ወደ 20 በመቶ ከፍ ያለው ደግሞ እጅግ የተራቆተው መሬት በደን ስም እንዳይቆጠር ነው። በአንደኛው ትርጉም የተሠራን ካርታ በሌላኛው ከተሠራ ጋር ማወዳደር በጣም የተለመደ ስሕተት ነው። በዚህ መንገድ የተገኘ “ለውጥ” የትርጉም ልዩነት እንጂ የደን ለውጥ ላይሆን ይችላል።

2. ወሰኑን ያስተካክሉ

ብዙ ሥራ የሚበላሸው ምስል ከመከፈቱ በፊት ነው። በአገራችን የቆዩ የመልክዓ ምድር ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው የመለኪያ መነሻ ነው። ጂፒኤስና ሳተላይት ግን የሚጠቀሙት ደብሊውጂኤስ 84 የሚባለውን ነው። ሳይቀየር የተጫነ ወሰን በ200 ሜትር አካባቢ ይንሸራተታል። ሁለት መቶ ሜትር በደን ጠርዝ ላይ ትንሽ አይደለም፤ የገበሬውን ማሳ ደን ውስጥ ሊያስገባ፣ ደኑንም ከወሰን ሊያስወጣ ይችላል። የካርታ ዞኑንም ያረጋግጡ። አብዛኛው የኢትዮጵያ ደጋ በ37ኛው ሰሜናዊ ዞን ውስጥ ሲሆን ከ36 ዲግሪ ኬንትሮስ በስተ ምዕራብ ያለው በ36ኛው ነው። እንደ ካፋ ባሉ አካባቢዎች መስመሩ አካባቢውን ለሁለት ስለሚከፍለው አንድ ዞን መርጠው ሁሉንም ወደዚያው ይቀይሩ።

ከዚያ ወሰኑን ከማኅበሩ አባላትና ከአጎራባች ገበሬዎች ጋር በእግር ይዙሩት። መንገድ፣ ወንዝና ድልድይ ያለበትን አምስት ወይም ስድስት ቦታ በጂፒኤስ ይዘው ከምስሉ ጋር ያመሳክሩ። ይህ የግማሽ ቀን ሥራ በኋላ የሚመጣውን የወሰን ክርክር በእጅጉ ይቀንሰዋል።

3. ለደንዎ ስፋትና ለወቅቱ የሚስማማ ምስል ይምረጡ

የላንድሳት አንድ ፒክስል 30 ሜትር በ30 ሜትር ነው፤ የሴንቲኔል-2 ደግሞ በዋና ዋና የብርሃን ክፍሎቹ 10 ሜትር በ10 ሜትር። ልዩነቱ የሚታየው በትናንሽ ደኖች ላይ ነው። በየጎኑ 150 ሜትር የሆነ የቤተ ክርስቲያን ደን እንውሰድ። በላንድሳት 25 ፒክስል ብቻ ይሆናል፤ ከእነዚህም 16ቱ ጠርዝ ላይ ናቸው፤ ማለትም አጥሩን፣ መንገዱን ወይም የጎረቤቱን የጤፍ ማሳ ከዛፉ ጋር ሊቀላቅሉ ይችላሉ። በሴንቲኔል-2 ያው ደን 225 ፒክስል ሲሆን ጠርዝ ላይ የሚወድቁት 56 ናቸው። ስለዚህ የጎጃምንና የጎንደርን ትናንሽ የቤተ ክርስቲያን ደኖች የዛሬ ይዞታ በላንድሳት ብቻ መከታተል አይበቃም። በአንጻሩ እንደ ሐረና ላለ ሰፊ ደን የረጅም ዘመን ታሪኩን የሚነግርዎ ላንድሳት ነው።

የምስሉ ወር ከሳተላይቱ ዓይነት ያላነሰ ወሳኝ ነው። ክረምቱ ደመና ነው፤ ምቹው ጊዜ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው በጋ ነው። በደጋውና በደቡብ ምዕራቡ ደኑ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ስለሆነ፣ ሰብሉ ታጭዶ ማሳው ሲገረጣ ሁለቱን መለየት ይቀላል። በቆላው ግን ነገሩ ይገለበጣል። የእጣኑና የአባሎው ደን በበጋ ቅጠሉን ስለሚያራግፍ በጥር የተነሣ ምስል ሕያዉን ደን የጠፋ ያስመስለዋል። እዚያ ዝናቡ እንዳበቃ፣ ቅጠሉ ሳይረግፍ ያለውን አጭር ጊዜ ይጠቀሙ። የትኛውንም ወር ቢመርጡ በየዓመቱ ያንኑ ወር ይያዙ። ሳተላይቱ በኢትዮጵያ ላይ የሚያልፈው ከረፋዱ 5 ሰዓት ገደማ ነው፤ በታኅሣሥ በዚያ ሰዓት ፀሐይ በደቡብ ምሥራቅ ስለምትሆን በተራራማ ቦታ ወደ ሰሜን ምዕራብ የዞረው ገደል ጥላ ውስጥ ይቀራል። የታኅሣሥን ምስል ከመጋቢት ጋር የሚያወዳድር ሰው የሚያየው የጥላውን ለውጥ ነው።

ደመና የማይለቅበት ቦታ ከሆነ ሴንቲኔል-1 የተባለው ራዳር ደመናውን አልፎ ያያል። ነገር ግን ገደላማ ቦታን ያዛባል፣ የረጠበ አፈርም ያሳስተዋል። ስለዚህ ደጋፊ አድርገው ይያዙት እንጂ ብቻውን አይመኑት።

4. ምስሉን ያጽዱ፣ ከዚያ በቁጥር ይለኩ

የደመና ጭንብል ደመናውን ብቻ ሳይሆን መሬት ላይ የሚጥለውን ጥላም ማስወገድ አለበት። ጥላው የቀረ እንደሆነ በደኑ መሐል የተመነጠረ ቁራሽ መሬት ይመስላል። ከጸዱት የአንድ ወቅት ምስሎች ለእያንዳንዱ ፒክስል መካከለኛውን ዋጋ ወስደው አንድ ምስል ይሥሩ፤ ያመለጠ ደመና ቢኖር እንኳ መካከለኛው ዋጋ ይጥለዋል።

የሴንቲኔል-2 ተጠቃሚዎችን ደጋግሞ የሚያሳስት አንድ ጉዳይ እዚህ ላይ አለ። እ.ኤ.አ. ከጥር 25 ቀን 2022 ወዲህ የተዘጋጁት ምስሎች የቁጥር መነሻቸው በ1,000 ከፍ ተደርጓል። የ2020ን ምስል ከ2023 ጋር እንዳለ የሚያወዳድር ሰው አንድም ዛፍ ሳይቆረጥ ደኑ በሙሉ የተለወጠ መስሎ ይታየዋል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ በኧርዝ ኢንጂን ውስጥ “ሃርሞናይዝድ” የሚል ስያሜ ያለውን ስብስብ ይምረጡ።

ለመለኪያ ብዙዎች የሚያውቁት ኤንዲቪአይ ነው። ቅርብ ኢንፍራሬዱ ላይ ቀዩ ብርሃን ይቀነሳል፣ ልዩነቱም ለሁለቱ ድምር ይካፈላል፤ ውጤቱ ከ-1 እስከ 1 ይሆናል። ጤናማ ቅጠል ቀዩን ውጦ ኢንፍራሬዱን ስለሚመልስ ቁጥሩ ከፍ ይላል። ጉድለቱ ጥቅጥቅ ባለ ደን ላይ ጣሪያው ጋ ደርሶ መቆሙ ነው፤ ደኑ ሲሳሳ ወዲያው አይወርድም። ስለዚህ በአጭር ሞገድ ኢንፍራሬድ የሚሰላውን ኤንቢአር አብረው ያስሉ፤ እርጥበትንና የተጋለጠ አፈርን ስለሚያይ መሳሳትንና ቃጠሎን ቀድሞ ያሳያል። የሁለት ዓመት ምስል ብቻም አይመኑ። ለተጠረጠረው ቦታ የአምስትና የስድስት ዓመት ቁጥሩን በመስመር ይሳሉ። አንድ ዓመት ወርዶ በሚቀጥለው የተመለሰ መስመር ድርቅ ሊሆን ይችላል፤ ወርዶ የቀረ ግን መታየት አለበት።

5. እውነተኛውን ለውጥ ከሚመስለው ይለዩ

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ጥያቄ ይነሣል፦ ግሎባል ፎረስት ዋች ዓለምን በሙሉ የሸፈነ ዝግጁ ካርታ እያቀረበ ይህ ሁሉ ልፋት ለምን? ዝግጁው ካርታ ጥሩ መነሻ ነው፤ ከመጀመሪያዎቹ ምልክቶች አንዱ አድርገው ይጠቀሙበት። ዋናው መረጃው ግን የሚለካው ከ5 ሜትር በላይ የሆነ የዛፍ ሽፋንን ነው፤ ሰው የተከለውንና ራሱ የበቀለውን አይለይም፣ የኢትዮጵያንም ትርጉም አይከተልም። በአዊ ዞን ፋግታ ለኮማ ወረዳ የሚሆነውን ይመልከቱ። ገበሬዎች በማሳቸው ላይ ዲከረንስ የሚባል ዛፍ ተክለው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቆርጠው ከሰል ያከስሉታል፤ መሬቱ ላይ ሰብል ዘርተው መልሰው ይተክሉታል። ከላይ ሲታይ ደን እየጠፋ ነው፤ መሬት ላይ ግን ሰው የዘራውን እያጨደ ነው። ባሕር ዛፍም እንዲሁ ነው። ይህን በደን ጭፍጨፋ የሚቆጥር ካርታ ዛፍ የተከለውን ሰው ይቀጣል።

የተገላቢጦሹ ስሕተት የበለጠ ያሳስባል። በካፋ፣ በሸካና በያዩ የቡና ደኖች ውስጥ ትልልቆቹ ዛፎች ለጥላ ይተዉና ሥሩ ያለው ቁጥቋጦና ችግኝ ለቡና ሲባል ይመነጠራል። ሳተላይቱ የሚያየው አናቱን ስለሆነ “ደኑ ሙሉ ነው” ይላል። ነገር ግን የነገውን ዛፍ የሚተካው ችግኝ የለም፤ የዛሬዎቹ አሮጌ ዛፎች ሲወድቁ ደኑም አብሮ ያበቃል። ይህን አደጋ በዚህ መሣሪያ ብቻ ማየት ስለማይቻል ሪፖርትዎ ላይ በግልጽ ይጻፉት፤ ለሰባተኛው ደረጃም ያስቀምጡት። የጓሮ ቡና፣ ማንጎና አቮካዶም ደን ሊመስሉ ስለሚችሉ የሠፈሮችን አካባቢ ለይተው ይመርምሩ።

6. ካርታውን በናሙና ይፈትሹ

ብዙዎች የሚዘሉት ደረጃ ይህ ነው፤ ካርታውን ከጥቆማ ወደ ማስረጃ የሚያሻግረውም ይኸው ነው። ፒክስል ቆጥሮ “ይህን ያህል ሄክታር ጠፋ” ማለት አይበቃም፤ ካርታው ራሱ ይሳሳታልና። በእያንዳንዱ ክፍል ውስጥ ነጥቦችን በዕጣ ይምረጡ፤ ነጥቦቹንም ጥራቱ ከፍ ባለ ምስል ላይ፣ ለምሳሌ በነጻው ኮሌክት ኧርዝ ኦንላይን፣ ካርታውን ሳያዩ ይፍረዱ።

ለማስረዳት ያህል 10,000 ሄክታር ደን አለ እንበል፤ ካርታው 200 ሄክታር ጠፍቷል፣ 9,800 ሄክታር አልተነካም ይላል። በእያንዳንዱ ክፍል 100 ነጥብ ፈተሹ። “ጠፍቷል” ከተባለው ውስጥ 80ው እውነት ሆነ፤ “አልተነካም” ከተባለው ደግሞ አንዱ ብቻ ጠፍቶ ተገኘ። አንድ ከመቶ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን የ9,800 ሄክታር አንድ በመቶ 98 ሄክታር ነው። ስለዚህ የተስተካከለው ግምት 160 ሲደመር 98፣ ማለትም 258 ሄክታር ይሆናል፤ ካርታው ካለው በላይ። የ95 በመቶ እርግጠኝነት ልዩነቱ ሲሰላ ደግሞ ወደ 193 ሄክታር ከፍና ዝቅ ይላል፤ ይህ ለውሳኔ የማይበቃ ሰፊ ክልል ነው። ባልተነካው ክፍል ነጥቦቹን ወደ 400 ቢያሳድጉና አራቱ ጠፍተው ቢገኙ ግምቱ ያው ሆኖ ልዩነቱ ወደ 97 ሄክታር ይጠብባል። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ትልቁ ስሕተት የሚደበቀው ካርታው “ሰላም ነው” ባለው ሰፊ ቦታ ውስጥ ነው፤ የፍተሻውን ጉልበት እዚያ ላይ ያውሉ። በመጨረሻም ቁጥሩን ከልዩነቱ ጋር ያቅርቡ። ልዩነቱን መጻፍ ድክመትን ማጋለጥ የሚመስላቸው አሉ፤ ነገር ግን ቁጥሩ ሲጠየቅ የሚያቆመው ይኸው ልዩነት ነው።

7. በእግር ይሂዱ

ከተጠረጠሩት ቦታዎች ትልልቆቹንና በዕጣ የወጡ ጥቂት ትናንሾችን ይዘው ይውጡ። ኪውፊልድ የተባለው ነጻ መተግበሪያ ካርታውን ስልክዎ ላይ ያለ ኔትወርክ ይከፍትልዎታል። ጥቅጥቅ ባለ ጥላ ሥር የስልክ ጂፒኤስ በብዙ ሜትር ሊሳሳት ስለሚችል ደርሰው ወዲያው አይመዝግቡ፤ ጥቂት ደቂቃ ቆመው ንባቡ እስኪረጋ ይጠብቁ። በእያንዳንዱ ቦታ ምን እንደተቆረጠ፣ ጉቶው ትኩስ ወይም አሮጌ መሆኑን፣ ከሰል ወይም እርሻ መኖሩን፣ በተለይም ከጥላው ሥር የዝግባ፣ የወይራ ወይም የዋንዛ ችግኝ መኖር አለመኖሩን ይመዝግቡ። አራት ፎቶ ወደ አራቱ አቅጣጫ ያንሡ።

“ማኅበረሰቡ ደኑን ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ ሳተላይት ምን ይጨምራል?” የሚሉ አሉ። ክርክሩ ግማሽ እውነት አለው። ማን እንደቆረጠና ለምን እንደቆረጠ የሚያውቀው ነዋሪው ነው፤ ምስል ይህን ፈጽሞ አይነግርም። ግን አንድ የደን ጠባቂ ሺህ ሄክታር ደን በየሳምንቱ ሊያዳርስ አይችልም፤ የሃያ ዓመት ለውጥንም በትውስታ ብቻ በሄክታር መናገር አይቻልም። ምስሉ ጠባቂውን ወዴት እንደሚሄድ ይመራዋል፤ ጠባቂው ምስሉ ምን ማለት እንደሆነ ይፈታዋል። አንዱ ያለ ሌላው ሲሠራ ሁለቱም ይሳሳታሉ።

8. ውጤቱን ለሚወስነው ሰው ያድርሱ

መጀመሪያ ውጤቱን የሚያዩት ደኑን የሚያስተዳድሩት ይሁኑ። የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065/2010 የመንግሥትን ብቻ ሳይሆን የግል፣ የማኅበረሰብና የማኅበር ደንንም ያውቃል፤ ስለዚህ ለማኅበሩ ሳይነገር ወደ ላይ የሚላክ ካርታ ከሕጉም መንፈስ ጋር አይሄድም። ሪፖርቱ ከሁለት ገጽ አይብለጥ፦ የት፣ ስንት ሄክታር ከነልዩነቱ፣ ምን ተረጋገጠ፣ ምን አልተረጋገጠም፣ ምን ይደረግ። የቦታዎቹን ስም ነዋሪው በሚጠራበት ስም ይጻፉ፤ ለወረዳ ስብሰባ ከኬንትሮስ ቁጥር ይልቅ የወንዙና የጎጡ ስም ይበልጥ ይናገራል።

ይህ መሣሪያ ድሃውን ለማሳደድ ይውላል የሚለው ስጋት በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ለአንድ ማገዶ የሚቆርጠውም ሰፊ መሬት የሚያስመነጥረውም በምስል አንድ ዓይነት ቀለም አላቸው። ስለዚህ የግለሰብና የቤተሰብ ስም ካርታ ላይ አይጻፉ፤ ያልተረጋገጠ ቦታ ለቅጣት መነሻ እንዳይሆን ሪፖርቱ ላይ በግልጽ ያስቀምጡ፤ ምክንያቱንም ከቦታው አጠገብ ይጻፉ። ምክንያቱ የማገዶ እጥረት ከሆነ መልሱ ችግኝና ምድጃ ነው፤ ሰፊ እርሻ ከሆነ ግን ውሳኔው የሚመለከተው ሌላ ቢሮ ነው። ሁለቱን የለየ ካርታ ድሃውን ከሐሰት ክስ ይጠብቀዋል።

በመጨረሻ የተጠቀሙበትን የምስል ወር፣ ትርጉም፣ መለኪያና የናሙና አወሳሰድ በአንድ ገጽ ጽፈው ከመረጃው ጋር ያስቀምጡ። ባለሙያ ይቀየራል፣ ፕሮጀክት ይዘጋል፤ ደኑ ግን ይቀጥላል። ከእርስዎ በኋላ የሚመጣው ሰው ሥራውን በዚያው መንገድ መድገም ካልቻለ የዘንድሮው ቁጥር ከሚቀጥለው ዓመት ጋር አይወዳደርም፤ ያልተወዳደረ ቁጥር ደግሞ ክትትል አይባልም። ሲጀምሩ ክልሉን በሙሉ አይመኙ። በዚህ በጋ አንድ ደን፣ አንድ ጥያቄና በወሰኑ ላይ የሚስማሙ ሰዎች ይዘው ስምንቱን ደረጃዎች አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻ ይሂዱባቸው። ሥራዎ መሳካቱን የሚለኩት ባተሙት ካርታ ብዛት አይሁን፤ ከተጠቆሙት ቦታዎች ስንቱ በእግር ተደረሰ፣ በስንቱስ ላይ ውሳኔ ተላለፈ ብለው ይቁጠሩ። እነዚህ ሁለት ቁጥሮች በየዓመቱ ሲያድጉ ሳተላይቱ ለደኑ መሥራት ጀምሯል ማለት ነው።